ዘር ከልጓም ይስባል
ስለ ዓሣ ዘርና ስለ ዓሣ እርባታ

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ለሰው ይናገሩት እንጂ ለዓሣም ቢሆን የታመነ ነው። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፤ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶ ነው።

አንድ ገበሬ ኩሬ ቆፍሮ ጥቂት ቆሮሶ ቢጨምርበት በመጀመሪያ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ትልልቁን እየለቀመ ለገበያ ሲያወጣና ትንንሹን ለዘር ሲያስቀር፣ ወንድምና እኅትም እርስ በርሳቸው ሲራቡ፣ ዘሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየደከመ ይሄዳል። ዓሣው ያንሳል፤ በሽታም በቀላሉ ይጥለዋል። ገበሬው ግን ውሃውንና መኖውን ይወቅሳል።

በእስያም የዘር መድከም አሳሳቢ ሆኖ ነበር። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. በፊሊፒንስ ሥራ የጀመሩ ሊቃውንት ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ቆሮሶ አስመጥተው በእስያ ይረባ ከነበረው ጋር አወዳደሩት። አብዛኛው የአፍሪካ የዱር ዓሣ ከለማዳው ያላነሰ፣ አንዳንዱም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ሁሉንም አዳቅለው፣ ፈጥኖ የሚያድገውን በየትውልዱ እየመረጡ «ጊፍት» የተባለውን ዝርያ አወጡ፤ ዕድገቱም በየትውልዱ ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ።

እንግዲህ የእርባታው ሀብት ምንጩ የዱር ዓሣ ነው ማለት ነው። በአገራችንም የጣና ቆሮሶ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶና በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውሃዎች የሚኖረው ቆሮሶ በሳይንስ ዘንድ በልዩ ልዩ ንዑስ ዝርያ ይመደባሉ። እያንዳንዱ ለብዙ ዘመን የኖረበትን ውሃ ጠባይ በዘሩ ይዞ ይገኛል። እንግዳው ዓሣ ከኩሬ አምልጦ ሐይቅ ቢገባ ግን ከነባሩ ጋር ይዳቀላል፤ አንዴ የተደባለቀውን ዘር መልሶ የሚለይ መረብ የለም። የጊፍት አውጪዎችም ይህንኑ በመፍራት ዝርያውን ለብዙ ዓመታት ወደ አፍሪካ ሳይመልሱ ቆይተዋል።

ነገ በግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀምጣችሁ በዓሣ ጫጩት ማከፋፈያ ደብዳቤ ላይ የምትፈርሙ ወጣቶች ሆይ! የሕዝባችንን ማዕድ ለማብዛት ዓሣ ማርባት ተገቢ ነው። ሆኖም ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የዚህ ጫጩት ወላጆች ከየት መጡ? ከኩሬው የሚወጣውስ ውሃ ወዴት ይፈስሳል? የኩሬው ዘር ቢደክም ከሐይቁ መተካት ይቻላል፤ የሐይቁ ዘር ከጠፋ ግን ከየት ይመጣል?