የቤት ቪዲዮ ካሴት እንደ ታሪክ ምንጭ፦ የአስናቀች ወርቁ ክራር በቴሌቪዥን



የአርቲስት አስናቀች ወርቁን ድምፅ ጨርሶ ያልሰማ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ክራር ስትጫወት ጣቶቿን አተኩሮ ያየ ግን ጥቂት ነው። ድምፅዋ በሸክላና በካሴት ተቀርጾ ቆይቷል፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራም 16ኛ ቅጹን ለእርሷ ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም አሠራጭቶታል። ይሁን እንጂ አስናቀች ዘፋኝ ብቻ አልነበረችም፤ የቴአትር ሰው፣ የመድረክ ተዋናይት ነበረች። ግጥሙን በፊቷም፣ በአንገቷም፣ በዝምታዋም ጭምር ታቀርበዋለች። ስለዚህ ሸክላው ያቆየልን ግማሿን ነው ብዬ አምናለሁ። ቀሪው ግማሽ ያለው ምስል ላይ ነው።

ምስሉስ የት አለ? ሁላችንም ቀድመን የምናስበው የቴሌቪዥን ጣቢያን መዝገብ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ የነበሩ ጣቢያዎች ብዙውን ዝግጅት በቀጥታ ያስተላልፉ ነበር፤ የተቀረጸውም ቢሆን ቴፑ እጅግ ውድ ስለነበረ ተደምስሶ ሌላ ዝግጅት ይቀረጽበት ነበር። ሀብታሙ የብሪታንያ ቢ.ቢ.ሲ. እንኳ ከዚህ አላመለጠም። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ታዋቂ ድራማው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተላለፉት ክፍሎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው ጠፍቷል። የሁሉም ክፍሎች ድምፅ ግን ዛሬም አለ። ያተረፉት ባለሙያዎች አይደሉም፤ ቴሌቪዥናቸው አጠገብ የቴፕ መቅጃ ደቅነው ይቀዱ የነበሩ ተመልካቾች ናቸው።

ይህ ነገር የእኛን አመለካከት ሊለውጠው ይገባል። የታሪክ ተማሪ «ዋናው» እና «ግልባጩ» የሚለውን ክፍፍል ቀድሞ ይማራል። በቤት ውስጥ የተቀዳ ካሴት በዚያ ሚዛን ሲመዘን የመጨረሻው ግልባጭ ነው፤ የደበዘዘ፣ መግቢያው የተቆረጠ፣ መሐሉ ላይ መብራት የጠፋበት። ዋናው ከሌለ ግን ግልባጭ የሚባል ነገር አይኖርም። በእጃችን ያለው ዋናው ይሆናል፤ ልንይዘውም የሚገባን እንደዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቤተሰብ 11 የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴቶችን በአደራ ሰጥተውኛል። በአብዛኞቹ ጀርባ ላይ «ሠርግ»፣ «ክርስትና»፣ «ድራማ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ በአንዱ ላይ «አስናቀች ክራር» ይላል። ቅጂው ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ቀጂው ቁልፉን የተጫነው ዘግይቶ ነውና ዜማው ከመሐል ይጀምራል። ቢሆንም ካሜራው ለ40 ሴኮንድ ያህል ወደ ግራ እጇ ይጠጋል፤ ለእኔ ካሴቱን ካሴት ያሰኘው ይህ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ክራር በሁለት ዓይነት መንገድ ይመታል። በአንደኛው ክሮቹ በጣት አንድ በአንድ ይነካሉ። በሁለተኛው ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ በመምቻ ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። በዚህ በሁለተኛው አመታት ዜማው የሚወጣው ክሩን ከለቀቀው ጣት ነው። አድማጭ ከሸክላ ላይ ዜማውን ሊጽፍ ይችላል፤ የትኛው ጣት መቼ እንደተነሣ፣ የታፈነው ክር ሙሉ በሙሉ ይታፈን ወይስ በስሱ ይነካ ግን በጆሮ ብቻ መወሰን እጅግ ይቸግራል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በኖታ የምናስተምር መምህራን ቅኝቱን እናስተላልፋለን፤ እጁን ግን አናስተላልፍም። እጅ ከእጅ እየታየ ነው የሚወረሰው። የተጫዋቿ እጅ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ከእኛ ተለይቷል።

ቅጂው መቼ እንደተላለፈ ካሴቱ ላይ አልተጻፈም። ዘመኑን ለመገመት ምስሉን ራሱን መጠየቅ ነበረብን። በአገራችን የቀለም ስርጭት የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በቀለም የቀረበ የስቱዲዮ ዝግጅት ከዚያ አይቀድምም። ጥቁርና ነጭ መሆን ግን በተቃራኒው ማስረጃ አይሆንም፤ የቆየ ቅጂ እንደገና ተላልፎ ሊሆን ይችላልና። የቤቱ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ መሆኑም ለውጥ አያመጣም፤ ቪዲዮ ዴኩ የራሱ መቀበያ አለው፤ ቤተሰቡ በጥቁርና ነጭ እያየ ዴኩ በቀለም ሊቀዳ ይችላል። (ቤተሰቡ የአስናቀችን ቀሚስ ቀለም ያዩት ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላ ነው።) ከሁሉ የሚረዳው በዝግጅቱ ግራና ቀኝ ሳይታሰብ የተቀዳው ነው፦ የዜናው መግቢያ፣ የበዓል መልእክት፣ የአስተዋዋቂዋ አለባበስ። ካሴት የሚገለብጡ ሰዎች «አላስፈላጊ» ብለው የሚቆርጡት ይህንኑ ነው። እባካችሁ አትቁረጡ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። የቪ.ኤች.ኤስ. ቴፕ ስፋቱ 12.65 ሚሊ ሜትር ነው። በእኛ የስርጭት ሥርዓት የዴኩ ማንበቢያ ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ ምስሉን በቴፑ ላይ በሰያፍ ያሰፍራል። ተራው የቤት ዴክ ድምፁን የሚጽፈው ግን በቴፑ ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር ነው፤ ቴፑም በሴኮንድ 2.34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ የክራሩ ቀጭን ንዝረቶች ገና ሲቀዱ ይጠፋሉ። ቴፕ ሲታጠፍ ወይም ሲጨማደድ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ጠርዙ ነው፤ የዘፋኟ ድምፅ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ለድምፁ ሸክላውን፣ ለእጁ ካሴቱን ማመን ይኖርብናል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ከእርሱ በኋላ የሚያመርት አልተገኘም። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ2025 በኋላ ማግኔቲክ ቴፕን ማንበብ በብዙ ቦታ የማይቻል እንደሚሆን አሳስቧል። ያ ዓመት አልፏል። ዛሬ የምንሠራው በተረፉ ዴኮችና በጥቂት አሮጌ ጠጋኞች ትከሻ ላይ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄም መነሣቱ አይቀርም። ካሴቱ የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ በላዩ ያለው ሥራ ግን የእነርሱ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን፣ የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁንና የብሮድካስት ድርጅቱን መብት ለየብቻ ያስቀምጣል። «አሮጌ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ይጫን» የሚለውን ፈጣን መልስ የማልቀበለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሙሉው ቅጂ ሳይታመቅ ተገልብጦ በመዝገብ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ ማሳየቱ ከወራሾችና ከጣቢያው ጋር በመነጋገር ይከተል። ካሴቱንም ተገለበጠ ብሎ መጣል አይገባም፤ ነገ የተሻለ ማንበቢያ ሊገኝ ይችላል።

ከ11ዱ ካሴቶች ዘጠኙ ተገልብጠዋል። ሁለቱ ሻጋታ ስለያዛቸው ገና አልተነኩም። እናንተም በየቤታችሁ ካሴት ካላችሁ፣ ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል ቴፑን ተመልከቱ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ አታጫውቱት፤ ሻጋታው የዴኩን ራስ በክሎ ወደሚቀጥለው ካሴት ይተላለፋል። በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ልሳን ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ቁልፉን የተጫነው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ የት፣ መቼና በምን እንደቀዳው ጠይቁትና መልሱን ከካሴቱ ጋር አኑሩት።