የአንዱ ጓሮ ንብ የጎረቤትም ናት

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ወደሚገኝ አንድ ጎጥ አቅንተን ነበር። የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም። በየማሳው ዳር አደይ አበባ ፈክቷል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የኑግ ማሳም ቢጫ ለብሷል። እኛ የሄድነው ግን በየቤቱ ጀርባ ያለውን ጓሮ ለማየት ነው። የጎጡ ነዋሪዎች የጓሮ አትክልት ቡድን አቋቁመው ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባና ፓፓያ ያለማሉ። ከዚህም አልፈው ንብ፣ ወፍና ሌሎች ጠቃሚ ፍጥረታት በግቢያቸው ቦታ እንዲያገኙ ተስማምተው እየሠሩ ነው።

የቡድኑ መነሻ ጠብ ነበር። አምና በዚሁ ወቅት አንድ አባወራ ለዘር ያቆዩት የሀበሻ ጎመን አበባ እንዳወጣ ክሽክሽ ወረረባቸው። ዘሩን ለማትረፍ ፀረ ተባይ ገዝተው ረፋዱ ላይ ረጩ። ያ ሰዓት ንብ ከቀፎ ወጥታ በአበባው ላይ የምትበዛበት ነው። ከሰዓት በኋላ በጎረቤት ግቢ ካሉት ቀፎዎች ፊት የሞተ ንብ መሬቱን ሸፍኖት ተገኘ። ማር ቆረጣ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት የደረሰ ጉዳት በመሆኑ የቀፎዎቹ ባለቤት የዓመት ተስፋቸውን አጡ። ነገሩ ወደ ክስ ሊያመራ ሲል ሽማግሌዎች ገብተው በካሣና በይቅርታ ጨረሱት። ዕርቅ ስለወረደም የሁለቱንም ስም አናነሳም።

ሽማግሌዎቹ ከዕርቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ገጠማቸው። የረጩት አባወራ ጎረቤታቸውን ለመጉዳት አላሰቡም፤ የረጩትም በገዛ ግቢያቸው ነው። ታዲያ ነገ ሌላው ቢረጭ ምን ይደረጋል? ንብ ቀሰም ፍለጋ ከቀፎዋ 2 እና 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ትሄዳለች። በዚህ ርቀት ውስጥ የብዙ ሰው ማሳና ጓሮ አለ። አንድ ሰው ብቻውን የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ንቡን ሊያተርፍ አይችልም። የጎጡ ሰዎች በአንድ ደንብ ለመተዳደር የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ደንቡ አጭር ነው። አበባ ላይ ያለ ተክል አይረጭም። መርጨት ግድ ሲሆን ባለቤቱ አንድ ቀን ቀድሞ ለጎረቤት ይናገራል፤ የሚረጨውም ንብ ወደ ቀፎ ከገባች በኋላ አመሻሹ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ነው። ባለቀፎውም መልእክቱ ሲደርሰው አየር እንዳይታፈን አድርጎ ቀፎውን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍናል። ዕቃውን በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር ማጠብ ክልክል ነው።

ተባዩን ከወዳጁ መለየት

የቡድኑ አባላት ከመርጨታቸው በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ማየትን ልማድ አድርገዋል። በጎመን ላይ ክሽክሽ ሲበዛ ብዙውን ጊዜ አብራው የምትታይ፣ ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ አለች። ክሽክሹን የምትበላው እርሷ ናት። እጯ ግን እናቷን አትመስልም። ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባት በመሆኗ አርሶ አደሩ ተባይ መስላው ይገድላታል። በደንብ ሳይለዩ የሚረጩት መርዝ ክሽክሹንም ጥንዚዛዋንም አብሮ ይጨርሳል። ክሽክሹ ፈጥኖ ስለሚራባ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመለሳል፤ የሚበላው ጥንዚዛ ግን ቶሎ አይተካም። ከዚያ በኋላ ደግሞ መርጨት፣ እንደገናም መርጨት ይመጣል።

በትንሽ ጓሮ ክሽክሽን በእጅ መቆጣጠር ይቻላል። በብዛት የተወረረውን ጫፍ ቆርጦ ማስወገድ፣ የቀረውን ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ ማጠብ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የበቆሎ ተምችንም ማለዳ እየዞሩ እጭና እንቁላሉን በእጅ መልቀም ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ፣ የአሜሪካ ተምች ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ፣ አርሶ አደሩ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ንብ ለጓሮው ምን ታደርጋለች?

ንብን ከማር ጋር ብቻ ማያያዝ የተለመደ ነው። የዱባ ተክል ግን ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው። ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ዱቄቱን ካላሸጋገሩ ሴቴዋ አበባ ፍሬ ሳትይዝ ጠውልጋ ትረግፋለች። ብዙ ባለጓሮዎች ዱባቸው አብቦ ፍሬ አልይዝ ሲል ማዳበሪያ ያነሰው ይመስላቸዋል። ኑግም እንዲሁ በራሱ ዱቄት በደንብ ዘር አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት የሚያመጣለት ንብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የንብ መጥፋት የሚጎዳው ቀፎ ያለውን ሰው ብቻ አይደለም። ቀፎ የሌለው የኑግ አምራችም ከጎረቤት ንብ ይጠቀማል።

በጎበኘናቸው ጓሮዎች አጥሩ ራሱ የንብ ቀለብ ነው። በቆርቆሮ ፋንታ ስሚዛና ግራዋ ተተክለዋል። የስሚዛ ነጭ አበባ ላይ ረጅምና ጠማማ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ ከንቦቹ ጋር ስትቀስም አይተናል። በግቢው ጥግ ዋንዛና ብሳና ይታያሉ። በደጁ ዳማከሴ፣ በሶብላና ጤና አዳም አሉ። እናቶች ለመድኃኒትና ለቅመም የተከሏቸው እነዚህ ቅጠሎች አበባቸው ለንብም ይተርፋል። አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ሲሆን አበባው በአንድ ጊዜ ያልቅና ንቧ ትራባለች። የተለያየ ተክል ያለበት ግቢ ግን አንዱ ሲረግፍ ሌላው ይፈካል።

ሌላው ያየነው ነገር ሳይታጨድ የተተወ የግቢ ጠርዝ ነው። አደይ አበባው ዘር እስኪጥል ድረስ አይነካም። አንዳንድ ጎብኚ ግቢው ያልጸዳ ሊመስለው ይችላል። አባላቱ ግን ጠርዙን ከመኖሪያ ቤቱ አርቀው የተዉት በዕቅድ ነው። በደጃፍና በልጆች መጫወቻ ዙሪያ ያለው ሣር ለእባብ መጠጊያ እንዳይሆን በየጊዜው ይታጨዳል።

በበጋ ደግሞ ውኃ ያስቀምጣሉ። ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ጠጠር ተደርጎ ጥቂት ውኃ ይጨመርበታል። ንብ ጠጠሩ ላይ ቆማ ስለምትጠጣ አትሰጥምም። አካባቢው ወባማ በመሆኑ ውኃው የወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይሆን በየሁለት ቀኑ ተደፍቶ ይቀየራል።

ሁሉም አውሬ እንግዳ አይደለም

ለዱር እንስሳት ቦታ መስጠት ሲባል የሚነሳው ቅሬታ እውነተኛ ነው። ጦጣ ፓፓያውን፣ ጃርት ድንቹን፣ ግሪሳ ወፍ ማሽላውን ሲያጠፋ ያየ አርሶ አደር ለአውሬ ቦታ ስጥ ቢባል አይዋጥለትም። ቡድኑም እነዚህን አይጋብዝም፤ ጦጣን በጥበቃ፣ ጃርትን ጉድጓድ በመከታተልና አጥር በማጥበቅ ይከላከላል። ልዩነቱ ሁሉንም በአንድ ዓይን አለማየቱ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌው ጉጉት ነው። ድምፁ በብዙ አካባቢ እንደ መጥፎ ምልኪ ስለሚቆጠር በድንጋይ ይባረራል። ጉጉት ግን ሌሊቱን የሚያድነው በአመዛኙ አይጥ ነው፤ አይጥ ደግሞ የጎተራው ጠላት ነው። ለአይጥ የሚቀመጥ መርዝም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። መርዙን የበላች አይጥ ወዲያው ሳትሞት ልትንከራተት ትችላለች፤ እርሷን የያዘ ጉጉት ወይም ድመት አብሮ ይሞታል። የሌሊት ወፍም በጨለማ ብዙ ነፍሳትን እየለቀመ ይበላል። ጉርጥም በእርጥብ ጓሮ ውስጥ እንዲሁ ያደርጋል።

ለጣና አካባቢ ነዋሪ ይህ አኗኗር እንግዳ አይደለም። በዘጌ ልሳነ ምድር ቡናው የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሲሆን፣ ከገዳማቱ ጋር የተያያዘው ነባር ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስን ይከለክላል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ሕዝቡ አንድ ደንብ ይዞ በመኖሩ ነው። የጣና ሐይቅና አካባቢውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቀጠና ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ቀጠና ውስጥ የእርሻና የመኖሪያ መሬትም ድርሻ ስላለው፣ የአርሶ አደሩ ጓሮ ከጥበቃው ውጭ አይደለም።

ከወረዳ የሚጠበቀው

የሕግ መሠረቱ አለ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 እና የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማር በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዶሮ ጋር ተካትቷል። ይሁን እንጂ በአንድ በኩል ዘመናዊ ቀፎ እያከፋፈሉ በሌላ በኩል የመርጫ ሰዓትን ለእያንዳንዱ ግለሰብ ፈቃድ መተው ሁለቱን ሥራ ያጋጫል።

ወረዳዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሦስት ሥራዎች መሥራት ይችላሉ። አንደኛ፣ የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው የአበባ ወቅትንና የቀፎ ቦታን ያገናዘበ የርጭት መርሐ ግብር ከአርሶ አደሩ ጋር ያዘጋጁ። ሁለተኛ፣ የችግኝ ጣቢያዎች ለአረንጓዴ ዐሻራ ሲዘጋጁ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራዋና ሌሎች ንብ የሚቀስማቸው አገር በቀል ተክሎች በዕቅዳቸው ይግቡ። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤት ያሉ የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ከጓሮ ቡድኖች ጋር ይገናኙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከተማሪዎች ክበባት ጋር የሠራው ሥራ ለዚህ ልምድ ይሆናል። ጥንዚዛዋን ከነእጯ ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ለአባቱ ማሳ ጥሩ አማካሪ ነው።

ከጎጡ ስንወጣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አምና ጎመናቸውን የረጩት አባወራ ዘንድሮም ለዘር ያቆዩት ጎመን አብቧል። ክሽክሹ ዘንድሮም አልቀረም። እርሳቸው ግን የተወረሩትን ጫፎች እየቆረጡ በባልዲ ውስጥ ይከቱ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው አዲስ ያስገቧቸውን ቀፎዎች ጥቅምት ሲጋመስ ሊከፍቱ ቀን እየቆጠሩ ነው።