ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ

አሜሪካ ውስጥ የሚያሽከረክር ሰው ቀይ መብራት በርቶም ቢሆን፣ የሚከለክል ምልክት እስካልተሰቀለ ድረስ፣ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ለእግረኛና ለሚመጣ መኪና ቅድሚያ ሰጥቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይችላል። ኒው ዮርክ ከተማ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈቅድ ምልክት ከሌለ መታጠፍ የለም። ፈቃዱ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ደግሞ ለደኅንነት ሳይሆን ለቤንዚን ተብሎ ነው፤ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የኃይል ቁጠባ ሕግ ግዛቶች የፌዴራል ድጋፍ እንዲያገኙ ይህን መፍቀድን ቅድመ ሁኔታ አደረገው።

ችግሩ ያለው አሽከርካሪው ዓይን ላይ ነው። ለመታጠፍ የሚጠብቅ ሰው ከግራ የሚመጣውን መኪና እያየ ክፍተት ይፈልጋል፤ ጎማው ቀስ እያለ ዜብራውን ይረግጣል፤ ያኔ ከቀኝ በኩል መሻገር የጀመረው እግረኛ ከእይታው ውጭ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ጥናቶችም ከፈቃዱ በኋላ በእግረኞችና በብስክሌት ነጂዎች ላይ የሚደርሰው አደጋ መጨመሩን አሳይተዋል። «ሕጉ ቁም ይላል፤ ጥፋቱ የማይቆመው ሰው ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ቆሞም ወደ ግራ ብቻ የሚያይ ሞልቷል። እኩለ ሌሊት፣ ጭር ባለ የገጠር መገናኛ ላይ መቆም ከንቱ ነው የሚለው ክርክር ያስኬዳል። እግረኛ በሚተራመስበት መሃል ከተማ ግን የኒው ዮርኩ አሠራር ይሻላል፤ አረንጓዴው እስኪበራ መታገሥ ለአሽከርካሪው ያን ያህል ከባድ ዋጋ አይመስለኝም።