የወጣው ላብ እንጂ ስብ አይደለም

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ የደረሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ስፖርት ከሚሠሩት መካከል ብርዱ ከሚጠይቀው በላይ የደራረቡ አሉ፤ ቱታ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት። አንዳንዶቹ አጠገብዎ ሲያልፉ ሆዳቸው አካባቢ ኮሽ ኮሽ ይላል። ፌስታል ነው። ወገባቸው ላይ ጠቅልለው፣ በሰፊ ቀበቶ አጥብቀው፣ ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። “ቦርጭ በላብ ይወጣል” ተብለዋል።

ጎረቤቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች። የወንድሟ ሠርግ 6 ሳምንት ሲቀረው ሁለተኛ ልጇን ከመውለዷ በፊት ያሰፋችውን ሐበሻ ቀሚስ ሞከረችው፤ ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ ቆመ። ያን ቀን እራት ማቆሟን አወጀች። ጠዋት በባዶ ሆድ የሞቀ ውሃ በሎሚ፣ ከዚያ ፌስታልና ሩጫ፣ ማታ ደግሞ ምንጣፍ ላይ 100 ጊዜ የሆድ ስፖርት። በ10 ቀን ሚዛኑ 4 ኪሎ ቀነሰ። ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ አንድ ክርስትና መጣ፣ እንደ ሰው በላች፣ እንደ ሰው ጠጣች፤ በሦስተኛው ቀን 4ቱ ኪሎ ተመልሶ ነበር። ተናዳ ፌስታሉን ሁለት እጥፍ አደረገችው። በማግስቱ ደረጃው መሐል ላይ ዓይኗ ጨለመባት፤ የማታውቃቸው ሰዎች ደግፈው አስቀምጠው የስኳር ውሃ ሰጧት።

እኔም የምንመካከረውን ምክር ሁሉ ማጣራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያገኘሁት በየጂሙና በየቡናው ላይ ከምንሰማው ብዙ ይለያል።

ከላቡ እንጀምር። ላብ ሰውነት ሲሞቅ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ነው። ደራርቦ የሮጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 ሊትር ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፣ እኛ ነን የተሳሳትነው። ምግብ በድንገት ሲቀነስም እንዲሁ ነው። ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠውን ስኳር ሲሆን ይህ ስኳር የሚቀመጠው የራሱን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ውሃ ይዞ ነው። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃው አብሮ ይወጣል፤ ስንበላ ሁለቱም ይመለሳሉ።

ጉዳዩ ከንቱ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የዩኒቨርሲቲ የትግል ተወዳዳሪዎች ከውድድር በፊት ክብደት ለመቀነስ ሲሞክሩ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል። ያደረጉት ላብ በማያሳልፍ ልብስ ተሸፋፍነው በሞቀ ቦታ ስፖርት መሥራት፣ ውሃና ምግብም መቀነስ ነበር። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር ልብሱንም ሳውናውንም ለዚህ ዓላማ እንዳይውሉ ከልክሏል። ሦስቱም ጠንካራ ወጣት ስፖርተኞች ነበሩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ የ50 ዓመት ጎልማሳ ፌስታል ታጥቆ ሲሮጥ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ታዲያ ስቡ ራሱ በየት በኩል ነው የሚወጣው? እ.ኤ.አ. በ2014 ሩበን ሚርማንና አንድሪው ብራውን የተባሉ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ለ150 ሐኪሞች፣ የምግብ ባለሙያዎችና የስፖርት አሠልጣኞች አቅርበው አብዛኛው ሳይመልስ ቀርቷል። መልሱ በአፍንጫና በአፍ ነው። 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ብቻ ውሃ ይሆናል። ይህን ሰምቶ በኃይል መተንፈስ ለመጀመር የሚያስብ ካለ ይተው፤ ራሱን ከማዞር በቀር ጥቅም የለውም። ትንፋሹ የሚወጣው ነዳጁ ሲቃጠል ነው፤ ነዳጁ የሚቃጠለው ደግሞ የገባው ከሚፈለገው ሲያንስ።

ሆድን በሆድ ስፖርት ማቅለጥም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1971 ተመራማሪዎች የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት እጆች ለክተው ነበር። ለዓመታት ራኬት የያዘው እጅ በጡንቻ ከሌላው ይበልጣል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም እጆች እኩል ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ከየት በኩል ስብ እንደሚቀንስ የሚወስነው እኛ በምናንቀሳቅሰው ቦታ አይደለም። የሆድ ስፖርት ጡንቻውን ያጠነክራል፣ ስቡ ግን ከላይ እንደተኛ ነው።

ሩጫና ዘይት

እዚህ ላይ ሯጮች ቅር እንዳይላቸው እፈራለሁ፤ ቁጥሩ ግን ይኸው ነው። አንድ ሰው 1 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያወጣው 350 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ያህል አለው። የማለዳው ሩጫ በሙሉ በሦስት ማንኪያ ዘይት ተመለሰ ማለት ነው። አሁን ወደ ወጥ ቤት ገብተው ሽሮው ላይ የሚንቆረቆረውን ዘይት ይመልከቱ፤ ማን ነው በማንኪያ የሚለካው?

በዚያ ላይ ሰውነት ብልጥ ነው። ኸርማን ፖንዘር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ አደን አድነውና ሥራ ሥር ቆፍረው የሚኖሩትን የሃድዛ ሰዎች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚውሉት ሃድዛዎች የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ በቀን የሚያቃጥሉት ጉልበት ወንበር ላይ ከሚውለው የአሜሪካና የአውሮፓ ሰው እምብዛም አይበልጥም። ሰውነት በአንድ በኩል ብዙ ሲያወጣ በሌላ በኩል ይቆጥባል ማለት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሮጦ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የሚወድቅ ሰው ይህን በራሱ ያውቀዋል።

ስፖርት ይቅር አላልኩም። ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለመንፈስ እርካታ የሚተካው የለም፤ የቀነሰ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ያግዛል። ብቻውን ቦርጭ ያጠፋል ብሎ መጠበቅ ነው ስህተቱ።

ይልቅ የሚናቀው እንቅስቃሴ ነው ዋጋ ያለው። በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ጄምስ ሌቪንና ባልደረቦቹ 16 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት በየቀኑ 1000 ካሎሪ ትርፍ አብልተዋቸው ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ትርፍ በልተው አንዱ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ስብ ሲጨምር ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ያልወፈሩትን የለያቸው ሳያውቁት የሚያደርጉት ትንንሽ እንቅስቃሴ ነበር፤ ይነሳሉ፣ ይንጎራደዳሉ፣ ቆመው ያወራሉ፣ አርፈው አይቀመጡም። እናቶቻችን ጂም የሚባል ነገር ሳያውቁ ልብስ በእጅ አጥበው፣ በርበሬ ደልዘው፣ ገበያ በእግር ደርሰው ይመለሱ ነበር። አሁን ማጠቢያ ማሽን አለ፣ በርበሬው ተፈጭቶ ይገዛል፣ ለሁለት ፌርማታ ታክሲ እንጠብቃለን። ከዚያ ያጣነውን በጂም ልንገዛ እንሄዳለን፤ እሱም በመኪና!

ከሥር ያለው እንጀራ

ወደ ማዕዱ እንምጣ። በጾም ወራት ክብደት ጨመርኩ የሚሉ ሰዎችን ሳናውቅ አንቀርም። አንድም ሥጋና ቅቤ ሳይቀምሱ እንዴት ይሆናል? ዘይቱ ነው፣ ድንች ጥብሱና ሳምቡሳው ነው፣ ወጡ እያነሰ እንጀራው መብዛቱ ነው። በተለይ ከሥር ያለው እንጀራ። የወጡን ቅባት ሁሉ መጥጦ የሚጠብቀን እሱ ነው፤ በጣም የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው፤ ከጠገብን በኋላ የምንበላውም እሱን ነው። ከቡና ጋር ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ይህ ብቻ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፈንዲሻውን ሳንቆጥር። በጉርሻ የገባውን ማን ይቁጠረው? “በሞቴ” የተባለ ሰው ካሎሪ አያሰላም።

የሚገርመው መፍትሔው ያው ማዕድ ላይ መኖሩ ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ሽንብራ ደረቅ ሆነው ሲመዘኑ ከ100 ግራም ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው፤ በላዩ ብዙ አሰር። ፕሮቲን ከሌላው ምግብ ይልቅ ያጠግባል፣ ክብደት ሲቀንስም ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ ይረዳል። ስለዚህ ምክሩ “ብዙ ወጥ ብላ፣ እንጀራ ቀንስ፣ ዘይቱን ለካ” ነው እንጂ “እራት ተው” አይደለም። ባልጾመ ቀን እንቁላልና እርጎ አሉ። ራስን ማስራብ ወዴት እንደሚያመራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በሚኒሶታ ታይቷል። አንሴል ኪስ ለጥናት ሲል ፈቃደኛ የሆኑ 36 ወጣት ወንዶችን ለ6 ወራት ያህል ከፊል ረሃብ ላይ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ድካምና ብስጭት ወረሳቸው፣ ሕልማቸውም ወሬያቸውም ምግብ ሆነ። መብላት ሲፈቀድላቸው ደግሞ ሳይጠግቡ ይበሉ ነበር፤ ስባቸውም ከመጀመሪያው በልጦ ተመለሰ።

ከሁሉም እኔን የገረመኝ ግን የእንቅልፍ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 10 ሰዎችን አንድ ዓይነት የተቀነሰ ምግብ እየሰጠ ለ14 ቀናት አልጋ ላይ 8 ሰዓት ተኩል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለ14 ቀናት 5 ሰዓት ተኩል ብቻ እንዲቆዩ አደረገ። ሚዛን ላይ የቀነሱት በሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ፣ 3 ኪሎ ገደማ ነው። በደንብ ሲተኙ ከዚያ ውስጥ ስብ የሆነው 1.4 ኪሎ ነበር፤ እንቅልፍ ሲያጡ ግን 0.6 ኪሎ ብቻ። የቀረው በአብዛኛው ጡንቻቸውን ጨምሮ ስብ ያልሆነው የሰውነታቸው ክፍል ነው። እንግዲህ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ አፍጥጦ ለሩጫ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ ሰው ቢተኛ ይሻለው ነበር።

ጡንቻ ለማቆየት ክብደት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሴቶችም “ወንድ እመስላለሁ” ብለው መፍራት የለባቸውም፣ በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ውሃ የተሞሉ ሁለት ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለጀማሪ ይበቃል።

ሚዛኑንም ቢሆን ለልብስ ሰፊ ሜትር ቢለቁት ይሻላል። አደገኛው ስብ በእጅ የምንጨብጠው ሳይሆን ሆድ ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት የሚጎትተው እሱ ነው፤ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያለው ሰውም አያመልጥም። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለእኛ አካባቢ ሰዎች እንዲሠራበት ያስቀመጠው የወገብ ልክ ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ነው። “ተመችቶሃል” እየተባባልን የምናደንቀው ሆድ ስንት እንደሆነ ለክተን አናውቅም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ጎረቤቴ ለሠርጉ አልደረሰችም። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ጎኑ ላይ ጨርቅ ቀጠለችበትና አምሮባት ጨፈረች። ከዚያ ወዲህ ፌስታሉን ጥላ ዘይቱን በማንኪያ መለካት ጀመረች። እናቷ ይህን ሲያዩ “ዘይት በማንኪያ የሚለካው መድኃኒት ነው እንዴ?” ብለው ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ድሮ ሱቅ የምትልከው ትልቁን ልጅ ነበር፣ አሁን ራሷ ትወርዳለች። ከእራት በኋላ ከባለቤቷ ጋር ግቢውን ይዞራሉ፣ ዝናብ ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳሉ። በ6 ወር 5 ኪሎ ቀንሳለች፤ ወገቧ ከ96 ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዳ የተቀጠለው ጨርቅ ይፈታ እንደሆነ ጠይቃ ነበር፤ “ትንሽ ቆዪ” ተብላ ተመለሰች።