የቮልስን ፓራፋንጎ ከማስፋት በፊት መታወቅ ያለበት

ሕዝቡ «ቮልስ» እያለ የሚጠራት ትንሿ የቮልስዋገን መኪና በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻዋ ቮልስ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ በአገራችን የቀሩትን ባለቤቶቻቸው እያደሱ ይነዷቸዋል። አንዳንዶች ደግሞ ሰፊ ጎማ ለመግጠም ሲሉ ፓራፋንጎዋን፣ ማለትም የጎማ መሸፈኛዋን፣ ያሰፋሉ።

የፓራፋንጎ ዋና ተግባር ማስዋብ አይደለም። ከመሸፈኛው ወጣ ያለ ጎማ ጭቃና ጠጠር ይወረውራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የጠጠር መንገዶች ዳር አህያ እየነዳ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ የተፈናጠረ ጠጠር ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጎማው ከሰፋ መሸፈኛውም መስፋቱ ግድ ነው።

ቮልስ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። እንደ ፊያት 600 ባሉ መኪኖች የጎማው መሸፈኛ የቦዲው አካል በመሆኑ ቆርጦ መበየድን ይጠይቃል። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች ግን በቡሎን የታሰሩ ናቸው። የዛገው ቡሎን ዘይት ጠጥቶ እንዲላላ ይደረጋል፤ የጎን መርገጫው ይለቀቃል፤ ከዚያ አሮጌው ፓራፋንጎ ይወጣል። ከሥሩ የተገኘ ዝገት በስቱኮ ሊሸፈን አይገባም፤ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል። አዲሱ ፓራፋንጎ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ተገጥሞ ይሞከራል። በቦዲውና በፓራፋንጎው መካከል የሚገባው ማሸጊያ መዘንጋት የለበትም፤ ውኃና ጭቃ እንዳይገባ የሚከለክለው እርሱ ነውና። የፊት መብራቶቹ ፓራፋንጎው ላይ ስለሚገኙም ከሥራው በኋላ አቅጣጫቸው እንደገና ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ያሳውራሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልኬት ይቀድማል። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ መኪናዋም ሰው ተጭኖባት፣ ጎማው ምንም ነገር መንካት የለበትም። ቸርኬው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ መሪውም ይከብዳል። ሰፊ ፓራፋንጎ ይህን ጫና ከዓይን ይሰውራል እንጂ አይቀንሰውም።

ለደጋው ነዋሪ ሌላም ጉዳይ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ እንደ ቮልስ ያለ የካርቡራተር ሞተር ሩብ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ጉልበቱን ያጣል። ባለ 34 የፈረስ ጉልበቷ ቮልስ ሰፊና ከባድ ጎማ ተጭኖባት የጣርማበርን ዳገት ስትወጣ ልዩነቱ ይታወቃል። በክረምት ደግሞ ጠባብ ጎማ ስስ ጭቃን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ሲይዝ፣ ሰፊው በጭቃው ላይ ይንሳፈፋል። ሰፊ ጎማ የሚጠቅመው በአሸዋና በደረቅ አስፋልት ላይ ነው።

በመሆኑም ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናዋን የመዘገበውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ ያልተፈቀደ ለውጥ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ እንቅፋት ሊሆን ይችላልና። በዳገትና በጭቃ መንገድ ለሚመላለስ ባለቤት ግን ገንዘቡን በቅድሚያ ለፍሬን፣ ለኩሽኔታና ለመሪ ማዋል የተሻለ ነው።