ሳይሠራ ስለ ቀረ ፊልምና ለእርሱ ስለ ተዘጋጀ ልጅ

አባት ልጁን የሐሳቡ ተካፋይ ሊያደርገው ቢወድ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን የአባት ምኞት በልጅ ትከሻ ላይ ምን ያህል ይከብዳል? ይህን እንድናስብ ያደረገን ፍራንክ ፓቪች ያዘጋጀው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በካን ከተማ የታየው፤ «የጆዶሮቭስኪ ዱን» የተባለው እውነተኛ ታሪክ የሚተርክ ፊልም ነው።

አሌሃንድሮ ጆዶሮቭስኪ በቺሌ አገር የተወለደ የፊልም አዘጋጅ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት፤ ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመውን፤ ስለ ሩቅ ዘመንና ስለ ሌሎች ዓለማት የሚናገረውን «ዱን» የተባለ ልብ ወለድ በፊልም ሊያሳይ ተነሣ። ሞቢየስ የተባለው ሠዓሊ ወደ 3,000 የሚሆን ሥዕል ሣለለት። ለዋናው ተጫዋችነት የታጨው ግን የገዛ ልጁ ብሮንቲስ ነበረ። ልጁም ገና በ12 ዓመቱ ለመምህር ተሰጥቶ፤ 2 ዓመት ሙሉ፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ፤ በየቀኑ 6 ሰዓት የሰይፍና የትግል ጥበብ ተማረ።

የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች የጎደለውን ገንዘብ አንሰጥም ስላሉ ግን ሥራው ቀረ። ከረዳቶቹ መካከል ዳን ኦባኖንና ጊገር በኋላ በ1979 ለወጣው «ኤሊየን» ለተባለው ፊልም ስለ ሠሩ፤ ድካሙ ፈጽሞ አልጠፋም።

ብሮንቲስም ተዋናይ ሆነ። በዚያው በ2013 በካን በታየው በአባቱ ሌላ ፊልም የአባቱን አባት ሆኖ ተጫወተ።

እንግዲህ የተማሩት ትምህርት የታሰበለት ሥራ ቢቀርም ከሰው ጋር ይኖራል። የልጅነት ዕድሜ ግን ተመልሶ አይገኝምና፤ ልጁን ለታላቅ ሐሳብ የሚያዘጋጅ አባት አስቀድሞ ልኩን ሊያስብ ይገባዋል እንላለን።