ቅጠሉ ሲረግፍ የሚያዝነው ማን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ መስከረም ጠብቶ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ እየሆነ ይረግፋል፤ ዘፋኙም ስለ መለያየት ያዜማል። ከእነዚህ የመፀው ዘፈኖች እጅግ የገነነው በፈረንሳይኛ «ሌ ፌይ ሞርት»፣ በእንግሊዝኛ «ኦተም ሊቭስ» የሚባለው ነው። አድማጩ ሐዘኑን ያመጣው ወቅቱ ይመስለዋል። የዘፈኑ ታሪክ ሲታይ ግን ሐዘኑ የትዝታ ነው፤ መፀው ያዋሰው መልኩን ብቻ ነው።

ዜማውን የደረሰው በቡዳፔስት የተወለደው ጆሴፍ ኮዝማ ነው። አይሁዳዊ ስለነበረ ፈረንሳይ በጀርመን በተያዘችበት ዘመን በስሙ እንዳይሠራ ተከልክሎ ኖሯል። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 እ.ኤ.አ. ዜማው በሮላን ፕቲ የባሌት ውዝዋዜ ትርኢት ላይ ያለ ቃል ተሰማ። ባለቅኔው ዣክ ፕሬቬር ግጥም የጻፈለት በ1946 ለታየው የማርሴል ካርኔ ፊልም ነው። ፊልሙ አልቀናውም፤ ዘፈኑን ግን ኢቭ ሞንታን ለዓለም አደረሰው። ኋላ አሜሪካዊው ጆኒ መርሰር የእንግሊዝኛ ግጥም ሲሠራለት የፈረንሳይኛውን ረጅም መግቢያ ተወው። በ1955 ደግሞ ሮጀር ዊልያምስ ግጥሙን ጨርሶ ትቶ በፒያኖ ተጫወተውና በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣ። ቃሉ ተለወጠ፣ አጠረ፣ ጠፋ፤ ስሜቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ምክንያቱ ከዜማው አሠራር ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ሐረግ በሦስት ድምፅ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ በአራተኛው ዘሎ ከፍ ይልና እዚያ ይረጋል። ሁለተኛው ሐረግ ያንኑ መንገድ ይደግማል፤ የሚያርፈው ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። ሦስተኛውና አራተኛውም እንደዚያው ዝቅ እያሉ ይከተላሉ። ዜማው ለመነሣት በሞከረ ቁጥር ማረፊያው ይወርዳል። ያለፈን ነገር የሚያስታውስ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ደጋግሞ ወደዚያው ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥር ግን ይርቀዋል።

«ርእሱ ቅጠል ባይል ማን መፀውን ያስብ ነበር? ዊልያምስስ ቢሆን ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች ያንቆረቆረው ቅጠል ሲረግፍ ለማሳየት አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ወቅቱ ለትዝታ በዓይን የሚታይ መልክ ይሰጠዋል። ሐዘኑ ከወቅቱ የሚመነጭ ቢሆን ግን በዚያው ሰሞን የእኛም ዜማ ባዘነ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ በእነዚያው ሳምንታት አደይ አበባ ይለብሳል፤ ልጃገረዶችም በአበባየሆሽ ደጁን ያደምቁታል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ነው። ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ቆመው ሲያድሩ አበባውን እያወደሱ የእመቤታችንን ከነልጇ መሰደድ ያስታውሳሉ። መስኩ ፈክቶ ሳለ የሚታወሰው ስደት ነው። እዚያ የረገፈው ቅጠል፣ እዚህ የፈካው አበባ ለአንድ ሥራ ውለዋል፤ የራቀን ማስታወሻ ሆነዋል።

ለዚህ ነው በትዝታ ቅኝት ያደገ ጆሮ ቅጠሉ ሲረግፍ አይቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ ይህን ዘፈን ለመረዳት አስተርጓሚ የማይፈልገው። አራተኛው ሐረግ ከአራቱ ሁሉ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ፣ አድማጩ የሚያስበው የራሱን የራቀ ሰው ነው።